አሠልጣኙ ይሂድ ወይስ ይቆይ? ከማንቸስተር ዩናይትድ ታሪክ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ኡልፓን፣ ስለ መሽካንታና ስለ ልጆች ትምህርት የሚጻፈውን ለምዳችኋል። ዛሬ ግን የማወጋችሁ ስለ እግር ኳስ ነው። ምክንያቱም አንድ አባትና ልጅ በቢሮዬ ተቀምጠው ስለ አሠልጣኝ ሲከራከሩ ሰምቼ፣ ለሁለቱም የሚሆን መልስ ፍለጋ ወደ ታሪክ መሄድ ግድ ስለሆነብኝ ነው።

ቤተሰቡ ከጎንደር የመጣው በቅርብ ዓመታት ነው። የጠራኋቸው ከልጁ ትምህርት ቤት ስለ ተላከ ደብዳቤ ለመነጋገር ነበር። ደብዳቤው ልጁ በሒሳብ ዝቅ ወዳለ ክፍል እንዲዛወር ይጠይቃል፤ አባትየው ደግሞ ምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባቸው ፈርመውበታል። ቀኑ ማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኙን ኤሪክ ቴን ሃግን ባሰናበተ ማግስት፣ በኦክቶበር 2024 መጨረሻ ላይ ነበር። ልጁ ገና ከበሩ ሲገባ ፊቱ በርቷል። 15 ዓመቱ ነው። ክለቡን መደገፍ የጀመረው እዚህ አገር ሳይሆን ጎንደር፣ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጠጋግቶ ተቀምጦ ነው።

አባትየው ግን ከፍቷቸዋል። «ሰውየው እኮ ገና በግንቦት ዋንጫ አምጥቶላቸዋል። ትልቅ ሰው በጩኸት ይባረራል? እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ልጁም ቶሎ ብሎ፣ «አባባ፣ ደጋፊ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ስለዚህ ይናገራል። አንተ የሰጡህን ሁሉ ትፈርማለህ» አላቸው። አባትየው ዝም አሉ። እኔም ለጊዜው የምለው ጠፋኝ።

ሦስት የኳስ እብድ ወንድሞች ያሉኝ ሴት ስለሆንኩ ታሪኩን ድሮ እሰማው ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ተቀምጬ አነበብኩት። ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በእንግሊዝ አገር የክለብ አሠልጣኝ ማናጀር ይባላል። በዚያ ዘመን የነበረው ማናጀር ልምምድ የሚያሠራ ብቻ አልነበረም። ተጫዋች የሚገዛውም፣ የሚሸጠውም፣ ታዳጊዎችን የሚያስመለምለውም እሱ ነበር። በማንቸስተር ዩናይትድ ይህን ሥራ የሁሉም መለኪያ ያደረገው ማት በዝቢ ነው። በዝቢ በ1945 ክለቡን ሲይዝ ስታዲየሙ በጦርነቱ ቦምብ ፈርሶ ነበር። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1952 ነው። በ1958 በሙኒክ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ 23 ሰዎች ሲሞቱ ስምንቱ የእሱ ተጫዋቾች ነበሩ፤ እሱም ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ቡድኑን እንደገና ሠርቶ በ1968 የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ።

እሱ ከለቀቀ በኋላ ግን ክለቡ አልረጋም። ከ1969 እስከ 1986 ባሉት 17 ዓመታት አምስት አሠልጣኞች ተፈራርቀዋል። ከእነዚህ አንዱ ፍራንክ ኦፋሬል በዲሴምበር 1972 በክሪስታል ፓላስ 5 ለ 0 ተሸንፎ በቀናት ውስጥ ተሰናበተ። የክሪስታል ፓላስን ስም ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ይመጣል። ኦፋሬል ቢባረርም ቡድኑ አልዳነም፤ በ1974 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በዓመቱ ቢመለስም ከ1967 ወዲህ የሊግ ዋንጫ ያየ አልነበረም።

አሌክስ ፈርጉሰን በኖቬምበር 1986 የተጠራው በዚህ ጊዜ ነው። የስኮትላንድ ሰው ነው፣ የመርከብ ሠራተኛ ልጅ። አበርዲን የተባለውን ክለብ ይዞ የስኮትላንድን ሊግ ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1983ም ሪያል ማድሪድን በፍጻሜ ጨዋታ 2 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወስዷል። ማንቸስተር ሲገባ ቡድኑ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበር። በዚያ ዓመት 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ1988 ሁለተኛ ወጣና ሰው ሁሉ ተስፋ አደረገ። በ1989 ደግሞ ተመልሶ 11ኛ።

በ1989 ክረምት የደጋፊው ሆድ የሻከረበት ምክንያት ግን የደረጃው ሠንጠረዥ ብቻ አልነበረም። ፈርጉሰን ሕዝቡ የሚወዳቸውን ሁለት ተጫዋቾች፣ ፖል ማክግራዝንና ኖርማን ዋይትሳይድን ሸጣቸው። ሁለቱም በጉዳት የሚቸገሩና መጠጥ የሚያበዙ ነበሩ፤ ደጋፊው ግን የሚያስታውሰው ዋይትሳይድ በ1985 የኤፍ ኤ ዋንጫን ያስገኘችውን ግብ ነው። በእነሱ ፈንታ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። ጋሪ ፓሊስተር የተባለው ተከላካይ ብቻ 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለበት። በዚያው ሰሞን ማይክል ናይተን የሚባል ነጋዴ ክለቡን ልገዛ ነው ብሎ የተጫዋች ልብስ ለብሶ ሜዳ ወጣና በደጋፊው ፊት ኳስ አንጠባጠበ። በኦክቶበር ግዢው ፈረሰ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያየ ደጋፊ ቤቱ ባለቤት ያለው ቤት መሆኑን ቢጠራጠር ይፈረድበታል?

በሴፕቴምበር 23 ቀን 1989፣ ገና ከሁለተኛው ዲቪዚዮን የወጣው ጎረቤታቸው ማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 1 ደቆሳቸው። ፈርጉሰን ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ወጣና ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። በዲሴምበር ወር ሙሉ አንድም የሊግ ጨዋታ አላሸነፉም። በዚያ ወር 9ኛ ቀን ኦልድ ትራፎርድ ላይ የመጣው ክሪስታል ፓላስ ነበር፤ ከሦስት ወር በፊት በሊቨርፑል 9 ለ 0 የተቀጠቀጠ ቡድን። እሱም መጥቶ 2 ለ 1 አሸንፎ ሄደ።

በዚያ ቀን አንድ ደጋፊ የአልጋ አንሶላ ላይ ጽፎ ያመጣውን መፈክር ዘረጋ። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነው፦ «ሦስት ዓመት ሰበብ፤ ዛሬም ያው የማይረባ ነው። ቻው ፈርጊ!»

ይህ ሰው ማን ነበር ብንል፣ ጠላት ወይም ሰካራም አልነበረም። ክለቡን ለዓመታት የተከተለ ሰው ነው። ቁጥሩም ትክክል ነበር፤ ሦስት ዓመት አልፏል፣ ዋንጫ የለም። በዚያን ጊዜ ደጋፊዎች ራሳቸው አዘጋጅተው የሚሸጧቸው ትናንሽ መጽሔቶች ነበሩ። ሬድ ኒውስ በ1987፣ ሬድ ኢሹ በ1989 ጀምረዋል። (እንደዚህች እንደ እኛ መጽሔት ያሉ ቢሆኑም፣ እነሱ ከእኛ ይልቅ ይሳደባሉ።) በእነዚህ መጽሔቶች፣ በመጠጥ ቤትና በአውቶቡስ ክርክሩ ደራ። ይሂድ የሚሉት ገንዘቡን ይቆጥራሉ፣ የተሸጡትን ይቆጥራሉ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሮን አትኪንሰን ሁለት የኤፍ ኤ ዋንጫ አምጥቶም ተባሯል ይላሉ። ይቆይ የሚሉት አበርዲንን ያነሣሉ፣ የተጎዱትን ተጫዋቾች ብዛት ያነሣሉ፣ በዝቢም ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል ይላሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለቱም ወገን ያላየው ነገር መኖሩ ነው። ፈርጉሰን እንደ ገባ የተጫዋች መልማዮችን ቁጥር አብዝቶ ነበር። የቀድሞውን የክለቡን ተጫዋች ብራያን ኪድን የታዳጊዎችን ሥራ እንዲያግዝ አስገባው። በ1987 በሲቲ ዘንድ ይለማመድ የነበረ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ቤት በሩን አንኳኩቶ ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ አስፈረመው። ልጁ ሪያን ጊግስ ነው። በዲሴምበር 1989 ጊግስ ገና 16 ዓመቱ ነበር። አንሶላ የዘረጋው ሰው ይህን ከየት ይወቀው? የክለቡ ዲሬክተሮች ግን ያዩት ነበር። ከእነሱ አንዱ ታላቁ ተጫዋች ቦቢ ቻርልተን ነበር። ሊቀ መንበሩ ማርቲን ኤድዋርድስም አሠልጣኙን ለማሰናበት አስበን አናውቅም ሲል በኋላ ተናግሯል። ይህን በጊዜው ለሚከፍለው ሕዝብ በግልጽ አስረድተውት ቢሆን ኖሮ አንሶላው ባልተቀደደ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ የሚያስረዳው ሲያጣ ነው፤ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ይህንን ነው።

በጃኑዋሪ 7 ቀን 1990 በኤፍ ኤ ዋንጫ ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳ ሄዱ። ጋዜጦች ከተሸነፈ ይባረራል ብለው ጽፈዋል። ማርክ ሮቢንስ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት በጭንቅላቱ አስቆጠረና 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ «የሮቢንስ ግብ ፈርጉሰንን አዳነችው» የሚለው ተረት ሆኖ ቀረ። ዲሬክተሮቹ ያሉት እውነት ከሆነ ግን ግቧ ያዳነችው ሰውየውን ሳይሆን ክርክሩን ነው፤ ከዚያ በኋላ «ይቆይ» ያለው ሁሉ አፉን ሞልቶ መናገር ቻለ። ቡድኑ በሊጉ 13ኛ ሆኖ ቢጨርስም በዋንጫው እስከ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ክሪስታል ፓላስ!

የመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 3 ተለያዩ። ለድጋሚው ጨዋታ ፈርጉሰን በረኛውን ጂም ሌይተንን አስቀምጦ በውሰት የመጣውን ሌስ ሲሊን አሰለፈ። ሌይተን ከአበርዲን ጀምሮ የእሱ ሰው ነበር። በሜይ 17 በሊ ማርቲን ግብ 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ፤ የሌይተንና የአሠልጣኙ ወዳጅነት ግን በዚያው ተሰበረ። ሦስት ዓመት ተኩል ትዕግሥት የተደረገለት ሰው፣ ለገዛ ወዳጁ ከአንድ መጥፎ ጨዋታ በላይ አልታገሠም። ወንድሞቼ ይህን ሲሰሙ «ኳስ እንደዚህ ነው» ይሉኛል። እኔ አሁንም ቅር ይለኛል።

የቀረውን ልጆቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በ1991 ባርሴሎናን በሮተርዳም 2 ለ 1፤ በ1993 ከ26 ዓመት በኋላ የሊግ ዋንጫ፤ በ1999 ሦስት ዋንጫ በአንድ ዓመት፤ በ2013 ጡረታ ሲወጣ 13 የሊግ ዋንጫ።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ፈርጉሰን በሜይ 2013 ሜዳ ላይ ቆሞ ሲሰናበት፣ ደጋፊው ከአዲሱ አሠልጣኝ ጎን እንዲቆም አደራ አለ። አዲሱ አሠልጣኝ ዴቪድ ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው። ቡድኑ ሲደክም የሞይስ ደጋፊዎች የ1989ን ታሪክ አወጡ፤ «ያኔ ብናባርረው ኖሮ!» አሉ። በማርች 2014 ሌሎች ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ሞይስ ይውጣ የሚል ጽሑፍ የሚጎትት አውሮፕላን በስታዲየሙ ላይ አበረሩ። ከአንሶላ ወደ አውሮፕላን! ሜዳ ውስጥ ከነበረው ሕዝብ ብዙው ለአሠልጣኙ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ወር ግን ክለቡ ራሱ አሰናበተው፤ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። እንግዲህ የፈርጉሰን ታሪክ ለሞይስ አልሠራለትም። የታገሡት ሁሉ ፈርጉሰን አይሆንም። ኦፋሬልን ቢታገሡት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበርም ማንም አያውቅም።

ይህን ሁሉ ይዤ፣ አባትና ልጁ በድጋሚ ሲመጡ አጫወትኳቸው። ልጁ ስለ አውሮፕላኑ ሲሰማ ሳቀ። ስለ ጊግስ ሲሰማ ግን ዝም ብሎ አሰበ፤ የጊግስን ስም ያውቃል እንጂ አሠልጣኙ ቤቱ ድረስ መሄዱን አያውቅም ነበር። አባትየው የጠየቁኝ ስለ ዋንጫው አልነበረም።

«ያ አንሶላ የያዘው ሰውዬስ?» አሉኝ። «ከስታዲየም ከለከሉት?»

«የለም ጋሼ፣ ደጋፊነቱን አልተወም» አልኳቸው። «ዋንጫዎቹንም ሁሉ አየ። ኋላም ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ ጽፏል።»

«መሳሳቱን አምኖ?»

«በአሠልጣኙ መሳሳቱን አምኖ።»

አባትየው ጥቂት ቆዩና ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈውን የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አወጡ። ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ ለልጃቸው ሰጡት። «እስቲ አንብብልኝ፣ ቀስ ብለህ፤ አንድም ቃል አትዝለል» አሉት። ልጁ ዕብራይስጡን እያነበበ ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ በመሐል እያስቆሙት «ይህ ማለት ምን ማለት ነው?» ይሉት ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ከፈረሙ በኋላ መጠየቅ ይቻላል?»