የሰዓት ማሰሪያ ከቀፎው ጋር ስለ ተያያዘበት ዘዴ

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር ቀሰሙ አይወድቅም፤ በውስጡ ያለችው ቀጭን ዘንግ ይዛዋለችና። እኛም በዚያው ሰፈር ሸማ ስንመርጥ ከአባታችን የወረስነው ሰዓት ከእጃችን ወልቆ ድንጋይ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ እርሱም በእንዲህ ያለች ዘንግ ተይዞ የኖረ መሆኑን ተረዳን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1899 እስከ 1902 በተደረገው የቦር ጦርነት ከእንግሊዝ መኮንኖች አንዳንዶቹ የኪስ ሰዓታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በእጃቸው ያስሩ ነበር። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ታላቅ ጦርነት ግን ከቀፎው ጋር የተበየደ ሽቦ፣ እንደ እንስራ ጆሮ ሆኖ፣ ማሰሪያውን ያዘ። ይህ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ጠፍሩ ባረጀ ጊዜ ሳይተረትሩና ሳይሰፉ መለወጡ ያስቸግራል።

ኋላ የተስፋፋችው ባለሞላ ዘንግ ይህን ችግር አቃለለች። ዘንጊቱ ቀጭን ቱቦ ናት፤ በውስጧ ያለው ሞላ ሁለቱን ጫፎች ወደ ውጭ እየገፋ በቀፎው ጆሮዎች ቀዳዳ ያስገባቸዋል። ሆኖም ላብ ጫፏን ይበላዋል፣ ሞላውም ይደክማል። ሰዓት ሠሪው የእኛን ሲያሳየን ጫፏ እንደ መርፌ ቀጥኖ ነበር። ጠፍሩንስ በየጊዜው እንለውጥ ነበር፤ ዘንጊቱን ግን፣ ሳንቲም ለማትሞላ ዋጋ፣ ያንኑ አሮጌዋን መልሰን እንከታት ነበር።