ከጋፋት እስከ ጋራዥ፤ ስለ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናና ስለ ጠጋኙ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጐዳና አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ በወይራና በልዩ ልዩ አገር በቀል ዛፍ በተሸፈነው በጣራ ገዳም ተራራ አጠገብ ያልፋል። ከዚያም ወደ ደቡብ ይወርድና ወረታ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ዛሬ በዚህ መንገድ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱና ባጃጁ ሲመላለሱ የሚያይ ሰው፣ መንኰራኵር ለዚህ አገር እንግዳ የነበረበት ዘመን እጅግ የራቀ ይመስለዋል። ዘመኑ ግን ያን ያህል የራቀ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝ አገር የተሠሩት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙትና ጣራቸው የሚገለጠው፣ ስፖርት መኪና የሚባሉት አሮጌ አውቶሞቢሎች በደጋ አገር እንዴት ተጠግነው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የባለጠጋ ጨዋታ ይመስላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ መኪና በአገራችን ጋራዥ እንደ ባዕድ የሚቈጠርበት ምክንያት የራሱ ታሪክ አለው፤ የታሪኩም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የብረት ሥራ ሲያቋቁሙ ባዜል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና የስብከት ማኅበር የመጡትን የእጅ ሙያተኞችና ሌሎችንም አውሮፓውያን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከዚህም ጋራ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር ጥበበኞችና መሣሪያ እንዲላክላቸው ስለ ፈለጉ፣ በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ ለንደን ላኩ። የእንግሊዝ መንግሥትም ሠራተኞችንና መሣሪያዎችን አዘጋጅቶ እስከ ምጽዋ አደረሰ፤ እስረኞቹ ካልተለቀቁ አይሆንም ተብሎ ግን ጥበበኞቹ ደጋውን ሳያዩ ከባሕር ዳርቻ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእንግሊዝ መሣሪያና የእንግሊዝ ሙያተኛ አብረው ወደ በጌምድር ሊገቡ የነበረበት ዕድል በዚህ አኳኋን አመለጠ። በኋላ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ነው።

ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል። ይህን ክብደት ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ሠረገላ ብቻ አይበቃም፤ ሠረገላው የሚሄድበት መንገድ ያስፈልጋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ግማሽ ዓመት ያህል የፈጀው ያ ጉዞ በአብዛኛው የመንገድ ሥራ ነበር። ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ የጅዳና የበሽሎ ገደል እየተቈረጠ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱ ተሠራ። በዚያ ሁሉ ቍልቍለትና አቀበት ላይ ሠረገላ ሲሰበር የሚጠግነው ያው የሠራው ሰው ነበር፤ ሠሪና ጠጋኝ ገና አልተለያዩም ነበር። በሚያዝያ ወር መቅደላ ሲወድቅ አውሮፓውያኑ ሙያተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋራ አብረው ወጡ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ እርሱን ያንቀሳቀሰው የእጅ ዕውቀት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ተበተነ።

ከዚህ በኋላ አርባ ዓመት እንዝለል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሲድሊ የምትባል በእንግሊዝ አገር የተሠራች አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ በበረሃው በኩል አዲስ አበባ አስገባና ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። እንግዲህ ወደ መናገሻ ከተማችን የገባችው የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል እንግሊዛዊት ናት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በመንገድ ላይ ጋራዥ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ዌልስ የተባለው ሾፌር ጠጋኝም እርሱው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል መኪና ይዞ መጣ። እንግዲህ ከዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ እንግሊዝ መኪናዋን ሰጠች፣ ትምህርቱ ግን የመጣው ከጀርመን ነው። የመኪናን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር የተላኩት፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ናቸው። እኒህ ሰው በግጥማቸውና በድምፃቸው የታወቁ ስለ ሆኑ፣ በዚያው በጀርመን አገር ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የመጀመሪያው የመኪና ተማሪያችን ባለቅኔ መሆኑ፣ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በዚያው ዘመን ግድም ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ እየተባለ በሚናቅበት አገር፣ እጁን በዘይት የሚያሳድፍ አዲስ ዓይነት ባለሙያ ሊነሣ ነበርና ዐዋጁ በጊዜው የወጣ ነው።

የመኪና ጥገና በሰፊው ወደ በጌምድር የገባው ግን በሰላም አይደለም። በ1928 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ የስታራቼ የሞተር ጦር ጎንደርን ያዘ፤ በሚያዝያም ወር ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ደረሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት በየመንገዱ ኢጣሊያናዊ መካኒክ፣ በየካምፑም የጥገና ቦታ ነበረ። ጠላት በጦርነት ተሸንፎ ወጣ፤ የሙያው ቋንቋ ግን ቀረ። ዛሬ ጋራዥ የገባ ሰው ጎማና ቸርኬ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ማርሽ፣ ካንዴላና ኩሽኔታ፣ ባሌስትራና ካቻቢቴ ሲባል ይሰማል፤ መኪና የሚለውም ቃል ራሱ ከዚያው ነው። ይህ ሁሉ የኢጣሊያ ቃል ነው። ከቃሉም ጋራ የኢጣሊያ ልክ ገባ፤ መፍቻው ሁሉ በሚሊሜትር ሆነ።

የደብረ ታቦር የኢጣሊያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ የጎንደሩም በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋራ ሆነው የመንገዱ ጌቶች ሆኑ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ልክ ሥር ሊሰድ ይችል ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት በአገራችን ከነበረው የኢጣሊያ የፋብሪካና የጥገና መሣሪያ ብዙውን ነቅለው ከአገር አወጡ። በእኛ አስተያየት ይህ ሥራቸው የሚመሰገን አልነበረም። ኢትዮጵያዊው ወጣት ሙያውን የቀሰመው በአገር ውስጥ ከቀሩት ኢጣሊያናውያን መካኒኮች ነው።

እንግዲህ ወደ ስፖርት መኪናው እንመለስ። ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 የብሎን ጥርስ በአገሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን ደንብ አወጣ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፤ የሚሊሜትሩ ግን 60 ነው። ሁለቱ በዓይን ሲያዩአቸው ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ በግድ ቢያጋቧቸው ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። ደግሞም በዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቍጥር የመፍቻውን አፍ ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ በሚሊሜትር የለመደ ሰው ቍጥሩን አይቶ መፍቻ ሲያነሣ ይሳሳታል። ያልገጠመ መፍቻም የዳዶውን ማዕዘን በልቶ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ መዶሻና መሮ ይመጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኤም ጂ ነገር ነው። በእንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1945 እስከ 1949 ድረስ 10,000 ያህል የተሠራችው ቲሲ የተባለችው ኤም ጂ ከስፖርት መኪኖች ሁሉ ስመ ጥር ናት። የሞተሯን ብሎን ጭንቅላት በዊትዎርዝ መፍቻ ይፈቱታል፤ ሲወጣ ግን ጥርሱ የሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል! ምክንያቱም እንዲህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆችኪስ የተባለው የፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ኮቨንትሪ ከተማ መጥቶ መትረየስ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ለሞሪስ ኩባንያ ሞተር መሥራት ጀመረ፤ በ1923ም ሞሪስ ፋብሪካውን ገዛው። የጥርስ ማውጫ መሣሪያው ሁሉ የፈረንሳይ ስለ ነበረ፣ እርሱን ከመለወጥ ይልቅ ጥርሱን በሚሊሜትር ትተው፣ የእንግሊዝ ጠጋኝ በለመደው መፍቻ እንዲፈታው ጭንቅላቱን ብቻ በእንግሊዝ ልክ አደረጉት። እንግዲህ የመድፍ ቤት ቅሪት በመኪናው ሆድ ውስጥ ተሰውሮ ኖረ ማለት ነው። በሚሊሜትር የተማረው የእኛ አገር መካኒክ መፍቻው አልገጥምለት ሲል «ይህ የእንግሊዝ ነው» ብሎ የኢንች ብሎን ፈልጎ ቢያስገባ የሞተሩን ቀዳዳ ያበላሻል። የሚሊሜትር ብሎን ቢፈልግም ጥርሱ ረቂቅ ስለ ሆነ በገበያ ላይ ካለው ጋራ ሁል ጊዜ አይገጥምም።

ይህች መኪና ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ትወጣለች እንበል። መንገዱን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ቻይናዎች ሠርተውታል። በአርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከፎገራ ሜዳ እስከ 2,700 ሜትር ግድም ይወጣል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ነበረ ስለሚፈስ ሞተሩ የሚጠጣው ከሚተነፍሰው ይበልጣል። ጢሱ ይጠቍራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። የእነዚህ መኪኖች ካርቡራተር ኤስ ዩ የሚባለው ነው። ከውስጡ ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ መርፌ አለ፤ ከሥሩ ያለውን ዳዶ ጥቂት ወደ ላይ ቢያጠብቁት ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ይህ ካልበቃ ወፈር ያለ መርፌ ይገባለታል። ሁለት ካርቡራተር ያላት እንደ ሆነ ሁለቱ እኩል እንዲተነፍሱ ጠጋኙ ቀጭን ቱቦ በጆሮው አድርጎ ድምፃቸውን ያስተያያል። ውኃም በደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ ያህል ስለሚፈላ፣ ራዲያተሩ ቆላ ከሚፈላበት ሙቀት በፊት ይፈላል፤ ስለዚህ አቀበቱን በዝግታ መውጣት ይሻላል።

የመንኰራኵሯ ሽቦ እንደ ብስክሌት ራጂ ነው። በጠጠር መንገድ ይላላልና በትንሽ መፍቻ አንድ በአንድ መታ መታ እያደረጉ ማድመጥ ያስፈልጋል፤ የጠበቀው እንደ በገና አውታር ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይሞታል። የአካሏ አጥንት እንጨት ነው፤ አሽ ከተባለ የእንግሊዝ አገር ዛፍ ይሠራል። ይህ ዛፍ ስለማይገኝ ዋንዛ ይበጃል ብለን እንገምታለን፤ የጣራ ገዳም ወይራ ግን የሚነካ አይደለም። የባትሪው ነገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። በእነዚህ መኪኖች ከአካሉ ጋራ የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ መካኒኩ እንደ ለመደው ኔጌቲቩን ቢያስር ዲናሞው ይጐዳል።

መለዋወጫው ዛሬም በእንግሊዝ አገር ስለሚሠራ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ፒስተኑንም ጓርኒሲዮኑንም አዝዞ ማስመጣት ይችላል። በትእዛዝ የማይመጣው የኢንች መፍቻ ይዞ ያደገው እጅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአዲስ አበባም ቢሆን ጥቂት ነው፤ ዕድሜውም ገፍቷል። እንዲህ ያለ ጠጋኝ የፈታውን ብሎን ከሌላው ጋራ በአንድ ጣሳ አይጥለውም፤ ዕቃው እንደ ተነሣ ወዲያው ወደ ወጣበት ቀዳዳ በጣቱ ብቻ መልሶ ያስገባዋል፤ በጣት አልገባ ያለውንም ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖረዋል።