የሞስኮው ብር

ከወርቅ የበለጠ የተወራለት ብር አለ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ሶቪየት ኅብረት አሜሪካን 51 ለ 50 ረታች። ውጤቱን የገለበጠችው ኳስ የገባችው የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰከንዶች እንደገና፣ አሁንም እንደገና እንዲጀመሩ ከተደረገ በኋላ ነበር። አሜሪካውያኑ ይግባኝ አሉ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ወደ ሽልማቱ ሰገነትም አልወጡም። ዐሥራ ሁለቱ የብር ሜዳልያዎች የሚያጠልቃቸው አንገት አጥተው ቀሩ። ይህን ታሪክ ያልሰማ የስፖርት ወዳጅ ጥቂት ነው።

በዓመቱ፣ በራሷ በሶቪየት ዋና ከተማ በሞስኮ፣ ሌላ የአሜሪካ ቡድን እንዲሁ በፍጻሜው በሶቪየት ተሸንፎ ብር ደረሰው። ይህኛው ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ስማቸውን የሚያውቅ ያን ጊዜም ጥቂት ነበር፤ ዛሬም ጥቂት ነው። ሴቶች፣ ያውም ተማሪዎች ነበሩና። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ስለ እነርሱ ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስብልኝ።

ውድድሩ ዩኒቨርሲያድ ይባል ነበር። የሐሳቡ ጠንሳሽ ፈረንሳዊው ዣን ፔቲዣን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር በ1923 በፓሪስ ተካሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምሥራቅና ምዕራብ ሲለያዩ የተማሪው ስፖርትም አብሮ ተከፈለ። በ1959 በኢጣልያዋ ቶሪኖ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሜዳ ተገናኙና ዩኒቨርሲያድ የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ጸና። ሞስኮ ተራዋ የደረሳት ከኦገስት 15 እስከ 25 ቀን 1973፣ በእኛ ከነሐሴ 9 እስከ 19 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። ዋናው ስታዲየም የሌኒን ስታዲየም ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የእኛው ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘበት ማለት ነው።

አሜሪካ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ወደዚህ የተማሪዎች ውድድር ስትልክ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ለመሆኑ ጨዋታውን የፈለሰፈች ሀገር እስከዚያ ድረስ የት ነበረች?

ጄምስ ኔይስሚዝ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የኮክ ቅርጫት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጨዋታውን የጀመረው በ1891 መጨረሻ ነው። ገና ዓመት ሳይሞላው እዚያው አቅራቢያ በስሚዝ ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት የነበሩት ሴንዳ በረንሰን ለሴት ተማሪዎቻቸው አስተማሩት። እኒህ ሴት የተወለዱት በዚያን ዘመን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በሊቱዌንያ ነበር። ጨዋታውን ወደዱት፤ ግን ፈሩለት። ሴት ልጅ እንዳትደክም፣ እንዳትጋፋ፣ ጨዋነቷንም እንዳታጣ ሲሉ ሜዳውን በሦስት ከፋፈሉት፤ ተጫዋቿም ከተመደበችበት ክፍል እንዳትወጣ ደነገጉ። ዘመን ሲያልፍ ሦስቱ ክፍል ሁለት ሆነ፤ ሦስት አጥቂዎች በአንደኛው ግማሽ፣ ሦስት ተከላካዮች በሌላኛው። ተከላካይ የሆነች ልጅ የትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ኳስ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ልትጨርስ ትችል ነበር። እንዳይደክሙ ተብሎ የተሠመረው መሥመር እንዳይሮጡ የሚከለክል ሆኖ ሰማንያ ዓመት ያህል ኖረ። በኮሌጆች አምስት ለአምስት፣ በሙሉ ሜዳ መጫወት ደንብ የሆነው በ1971 ነው። ከሞስኮ ሁለት ዓመት በፊት ብቻ!

እዚህ ላይ ግን ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካውያት ሴቶች ሁልጊዜ ኋላ ቀር አልነበሩም። በ1953 በቺሊ የተደረገውን የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና፣ በ1957ም በብራዚል የተደረገውን ሁለተኛውን ያሸነፉ እነርሱ ናቸው። በዚያ ዘመን ጨዋታውን ያቆሙት ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልነበሩም፤ የካልሲ ፋብሪካ፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ በቴክሳስ ያለ አንድ ትንሽ የባፕቲስት ኮሌጅ ነበሩ። ቀን ሥራዋን ወይም ትምህርቷን፣ ማታ ኳሷን። የባንክ ጸሐፊ ነኝና ለእነዚህ ሴቶች ያለኝ አድናቆት ሌላ ነው፤ ከሥራ በኋላ የምትወደውን ነገር ለመሥራት የሚተርፍ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ቡድናቸውን ሲበትኑ ግን የሚተካቸው አልተገኘም። ሶቪየቶች ደግሞ ከ1959 ጀምሮ እስከ 1975 የተደረጉትን አምስት የዓለም ሻምፒዮናዎች ያለማቋረጥ ወሰዱ።

የሶቪየት ሴቶች በወረቀት ላይ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ይባሉ እንጂ ሥራቸው ኳስ ነበር። የላትቪያው የሪጋ ክለብ ቲ.ቲ.ቲ. ከ1960 እስከ 1982 ባለው ጊዜ የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ 18 ጊዜ ወስዷል። የክለቡም የብሔራዊ ቡድኑም ምሰሶ ቁመቷ ከ2 ሜትር ከ10 የማያንሰው ኡልያና ሴምዮኖቫ ነበረች። መንግሥት ይህን ያደረገው ለሴቶች ክብር ብቻ ብሎ ነው የሚል የዋህ የለም፤ ሜዳልያ የርዕዮተ ዓለም ማስታወቂያ ነበረና። ቢሆንም ለተጫዋቿ ጫማ፣ ሐኪም፣ አሠልጣኝና ጊዜ ሰጥቷታል። ከነጻው ዓለም የመጡት ልጃገረዶች ከእነዚህ ከአራቱ ስንቱ ነበራቸው?

መልሱን ከሁለት ተጫዋቾች ታሪክ ማግኘት ይቻላል። አንደኛዋ ቴሬሳ ሻንክ ትባላለች። በፊላደልፊያ አቅራቢያ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ኢማኩላታ በተባለ ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ትማር ነበር። የኮሌጁ አዳራሽ በ1967 ተቃጥሏል። በ1972 የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የሴት ተማሪዎች ሻምፒዮና በኢሊኖይ ሲዘጋጅ ቡድኑ የመጓጓዣ ገንዘብ አልነበረውም፤ ልጃገረዶቹ የጥርስ ብሩሽ ሸጡ። የተገኘው ገንዘብ ከዐሥራ አንዱ ተጫዋቾች ስምንቱን ብቻ አሳፈረ፤ እነርሱም ክፍት ወንበር ከተገኘ በሚል ትኬት ነው የሄዱት። ከዐሥራ ስድስት ቡድኖች ዐሥራ አምስተኛ ተብለው የተመደቡት ልጆች ዋንጫውን ይዘው ተመለሱ። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ደገሙት፤ ሠለሱት።

ሁለተኛዋ የቴነሲ ገበሬ ልጅ ናት። ፓት ሄድ ትባል ነበር፤ በኋላ ዓለም ያወቃት ፓት ሰሚት በሚለው የትዳር ስሟ ነው። ኳስ የለመደችው ከታላላቅ ወንድሞቿ ጋር ድርቆሽ በሚከማችበት የጎተራ ቆጥ ላይ ነበር። በመኖሪያቸው አካባቢ ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ስላልነበረው፣ ልጅቷ እንድትጫወት ብለው ቤተሰቡ ቤት ለቀው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ለወንድሞቿ ኮሌጅ በስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጣቸው፤ የእርሷን ክፍያ ግን ወላጆቿ ከኪሳቸው ከፈሉ። ለሴት ስፖርተኛ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚባል ነገር አልነበረምና።

እነዚህና ጓደኞቻቸው ናቸው በጂል አፕተን አሠልጣኝነት ሞስኮ የደረሱት። አፕተን በሚሲሲፒ የአንድ የሴቶች ኮሌጅ አሠልጣኝ ነበሩ። ቡድኑ እስከ ፍጻሜው ተጓዘ፤ በፍጻሜው ሶቪየቶች በሰፊ ልዩነት አሸነፉት። እንደ ሙኒኩ በሦስት ሰከንድ የሚያመካኙት፣ ለዳኛ የሚሰጡት ሽንፈት አልነበረም። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ወንዶች ተማሪዎች እዚያው ሞስኮ ሶቪየትን በፍጻሜው ረትተው ወርቅ ወሰዱ። የሙኒክን ቂም የሻረ ድል ነውና የሴቶቹን ብር ሸፍኖት ቢያልፍ አያስደንቅም።

የእኔ አስተያየት ግን ሌላ ነው። ወንዶቹ ከሞስኮ ያመጡት ወርቅ ቂም አወጣ እንጂ ያስተማራቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ግን ሀገራቸው ውስጥ ከቶ ሊያዩት የማይችሉትን አይተው ተመለሱ። ሴት በዚህ ጨዋታ የት ድረስ መድረስ እንደምትችል ዐይተው፣ በገዛ አካላቸው ለክተው።

የአሜሪካን የሴቶች ስፖርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉንም ለውጥ ለአንድ ሕግ መስጠት ይቀናቸዋል። በጁን 23 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት «ታይትል ናይን» የተባለው ድንጋጌ ነው። በእንግሊዝኛው 37 ቃላት ብቻ ናቸው፤ ከመካከላቸው ስፖርት የሚል አንድም ቃል የለም። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚሰጠው የትምህርት ፕሮግራም ማንም ሰው በጾታው ምክንያት አይገለል ይላል፤ ይኸው ነው። ሕጉ ታላቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሕግ በር ይከፍታል እንጂ ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም አይናገርም። ያንን የነገረቻቸው ሞስኮ ናት።

ፓት ሄድ ከሞስኮ በተመለሰች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1974 መጀመሪያ ላይ፣ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። በዚያን ዘመን ይህ ጉዳት ለብዙዎች የጨዋታ መጨረሻ ነበር። በዚያው ዓመት በኖክስቪል በሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ዋና አሠልጣኝ እንድትሆን ተጠየቀች። ዕድሜዋ 22፤ ደመወዟ በወር 250 ዶላር። የቡድኑን መኪና የምትነዳ እርሷ፣ ማሊያ የምታጥብ እርሷ፤ ከዚያ ላይ የማስተርስ ትምህርቷን ትማራለች፣ ጉልበቷን ታስታምማለች፣ ለኦሊምፒክ ትዘጋጃለች። የመጀመሪያ ግጥሚያዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች።

በ1976 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባ። ሀገራችን ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር አድማ መትታ በቀረችበት በሞንትሪያሉ ኦሊምፒክ ማለት ነው። ፓት ሄድ ከአሜሪካ ቡድን አምበሎች አንዷ ነበረች። ሶቪየቶች 112 ለ 77 አሸነፉ፤ ሴምዮኖቫ ብቻዋን 32 ነጥብ አስቆጠረች፣ 19 የተመለሱ ኳሶችንም ለቀመች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዓመት፣ በ1952፣ በሦስት ወር ልዩነት የተወለዱ እኩዮች ናቸው። አንዷ መንግሥት ያሳደጋት፣ ሌላዋ የድርቆሽ ቆጥ። ሴምዮኖቫ ለብሔራዊ ቡድኗ ተሰልፋ በይፋዊ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ተሸንፋ አታውቅም። ፓት ሄድ ግን ሁለተኛ ብሯን ይዛ ወደ ቴነሲ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎች ስለጻፉበት ባጭሩ ልለፈው። በ1984 ሶቪየቶችም እኛም ባልተገኘንበት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኘችው አሠልጣኝ እርሷ ናት። በቴነሲ በ38 ዓመት አገልግሎት 1,098 ድልና ስምንት ሀገር አቀፍ ዋንጫ አስመዘገበች። ሜዳውን ለሁለት ይከፍል የነበረው የስድስት ተጫዋቾች ደንብ በክፍለ ግዛቷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እስከ 1979 ቆይቶ ሲሻር፣ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ እርሷ ነበረች። በ2011 የመርሳት ሕመም እንደያዛት በይፋ ተናገረች፤ በ2016 በ64 ዓመቷ ዐረፈች። ተማሪዎቹ በጀመሩት ውድድርም አሜሪካውያት ከ2005 እስከ 2015 ድረስ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ወስደዋል።

ሞስኮ ላይ ሂሳቡ የተወራረደው በ1986 ነው። በአንድ ክረምት፣ በዚያችው ከተማ፣ የአሜሪካ ሴቶች ሶቪየቶችን ሁለት ጊዜ ገጠሙ። በጁላይ በበጎ ፈቃድ ጨዋታዎች 83 ለ 60፣ በኦገስት በዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ 108 ለ 88 አሸነፉ። ሁለቱንም በሶቪየት ተመልካች ፊት።

ታሪክ ግን እንደ ባንክ መዝገብ በዕለቱ መጨረሻ የሚዘጋ አይደለም። በ1992 ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባገኘችበት በባርሴሎና ኦሊምፒክ የአሜሪካ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ያችው የጥርስ ብሩሽ ሻጮቹ ጓደኛ፣ ቴሬሳ ነበረች፤ አሁን ግሬንትዝ በሚለው የባሏ ስም። ሶቪየት ኅብረት በዚያን ጊዜ ፈርሳለች። ተጫዋቾቿ ግን «የተባበረው ቡድን» በሚል ስም፣ የራሳቸው ሰንደቅ ሳይኖራቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተሰልፈው ነበር። በግማሽ ፍጻሜው የቴሬሳን ልጆች 79 ለ 73 አሸነፉ። በፍጻሜው ቻይናን ረትተው ወርቁን ወሰዱ፤ ሲሸለሙም የተሰቀለው የኦሊምፒክ ባንዲራ፣ የተዘመረውም የኦሊምፒክ መዝሙር ነበር።