የጭፈራ ሙዚቃ ለምን ያብባል፣ ለምንስ ይቀዘቅዛል? የገዳሪፍና የአካባቢው ምሳሌ

የአንድ አገር የጭፈራ ሙዚቃ ሲያብብም ሆነ ሲቀዘቅዝ ምክንያቱ የተጫዋቾቹ ችሎታ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። የታሪክ ተማሪ ግን ከዚህ አልፎ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባዋል። መሣሪያው ከየት መጣ? ከፋዩ ማን ነው? ሌሊቱስ የማን ነው? እነዚህን ለመመርመር ከመተማ ማዶ የምትገኘው ገዳሪፍ ቅርብ ምሳሌ ትሆነናለች።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቲአር 808 የተሰኘውን የከበሮ ማሽን ለገበያ አቀረበ። ገበያው ስላልቀናው ዋጋው ወረደ፤ ያገለገለውም በርካሽ እየተሸጠ በቺካጎና በዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች እጅ ገባ። ሀውስና ቴክኖ የተባሉት ሙዚቃዎች ያደጉት በእንዲህ ዓይነት ርካሽ መሣሪያ ነው። በሱዳንም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ቫዮሊንና አኮርዲዮን የያዘ ትልቅ ኦርኬስትራ ይጠይቅ የነበረውን ሠርግ አንድ የኪቦርድ ተጫዋች ብቻውን ሊያደምቀው ቻለ። የገዳሪፉ ጃንትራ ጃግላራ የተባለውን ፈጣን ሙዚቃ በያማሃ ኪቦርድ በሠርግና በሰፈር ድግስ ሲጫወት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስቲናቶ የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ ሥራውን በሸክላ አወጣለት።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በገዳሪፍ ሰፊ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዞች አስተዳደር ነበር። ማሽላውና ሰሊጡ ሲደርስ ከኢትዮጵያ ጭምር የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። አዝመራው ሲሰምር ሠርጉ ይበዛል፤ ተጫዋቹም እንጀራ ያገኛል። ዝናብ ሲቀር ግን ዳሱም ጭር ይላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። በሱዳን ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ካወጡት ሕግ ወዲህ፣ ይልቁንም ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ በዘፈንና በጭፈራ ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ። በኢትዮጵያም ዘንድ እጅግ የሚወደደው መሐመድ ወርዲ ከአገሩ ወጥቶ እስከ 2002 ድረስ በስደት ኖረ። ሖጃሊ ዑስማን ደግሞ በ1994 በኦምዱርማን በስለት ተገደለ። በዚያው ዓመት እንግሊዝም ከቤት ውጭ ሌሊቱን የሚደረገውን የወጣቶች ጭፈራ የሚገድብ ሕግ አውጥታለች።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ከከፈተ በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ደምቆ ነበር። ከ1974 በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ ግን የጭፈራ ቤቶችን ሌሊት ወሰደ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በ1985 ያወጣውን ካሴት ያለ ባንድ፣ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን ሠራው።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ክልከላ ሙዚቃን ሁልጊዜ አያጠፋም፤ ቦታውን ያስለውጠዋል። አዳራሽ ሲዘጋ ጭፈራው ወደ ሠርግ ይገባል፤ ሠርግን ጨርሶ ሊከለክል የሚችል መንግሥት የለምና። ብዙ ሰው ማሰባሰብ ሲያስቸግር ደግሞ አንድ ኪቦርድ ይበቃል።

ጦርነት ግን ከክልከላ የከፋ ነው፤ ሠርገኛውንም ተጫዋቹንም ይበትናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ አሥር ሺዎች ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ተሰደዱ፤ ወዲያውም የአልፋሽጋ መሬት የሁለቱ አገሮች መጋጫ ሆነ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ስደቱ ተገላብጦ የሱዳን ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ። በታኅሣሥ ወር ዋድ መዳኒ ስትወድቅም ሌሎች ብዙዎች በገዳሪፍ ተጠለሉ።

የሠርግ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ አይቀመጥም፤ የሚኖረው በተጫዋቹ ጣት፣ በካሴትና በስልክ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲሰደድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በጠረፍ አካባቢ የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸው ከአባቶችና ከእናቶች፣ ከስደተኞችም ጭምር ጠይቀው እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ ለታሪክ ትልቅ ውለታ ነው። መነሻ የሚሆን አንድ ጥያቄ ይኸውና፦ በአካባቢያችሁ በሠርግ ላይ የመጀመሪያው ኪቦርድ የተሰማው መቼ ነው? ከዚያ በፊትስ ምን ይጨፈርበት ነበር?