ባቡሩ ሰበታ፣ ጭሱ አየር ጤና

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና ቆማችሁ ታክሲ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ስሙ «አየር ጤና» ነው፤ ከጅማ ቡና የጫነ ተሳቢ ሲያልፍ ግን እኔ አፍንጫዬን በሻርፕ እይዛለሁ።

እናላችሁ፣ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ነበር። የግመሉንና የበቅሎውን ሸክም ተረከበ። ከለገሃር ወደ ምዕራብ ግን ሐዲድ አልነበረም፤ የጅማ ቡና ለበቅሎ፣ ኋላም ጣሊያን በሠራው መንገድ ለሚመላለሰው ካሚዮን ተተወ። ቀጥሎ የአሰብ መንገድ የባቡሩን ገበያ ተሻማው። በ1990 ጦርነት ሲነሳና ፊታችንን ወደ ጅቡቲ ስናዞር ሐዲዱ አርጅቶ ጠበቀን፤ ሸክሙ በተሳቢዎች ላይ ወደቀ።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ተመረቀ፣ ልክ በመቶ ዓመቱ! መነሻው ሰበታ፣ ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ስትወጡ የምታገኟት ከተማ ናት። ደስ ይላል። ግን ባቡር መጋዘን በር ድረስ አያደርስም፤ ኮንቴይነሩ ከሐዲድ ሲወርድ ናፍጣ ይጠብቀዋል። የምናስገባው ከምንልከው እጅግ ስለሚበልጥም ብዙ መኪና ወደ ወደብ የሚወርደው ባዶውን ነው፤ ባዶውም ያጨሳል።

በሹፌሩ አልፈርድም። አስመጪው የሚቆጥረው ቀኑን ነው፣ አስተላላፊው ሰነዱን፣ ባለመኪናው ናፍጣውን። ዋጋው በኩንታል ይታሰባል፤ ጭሱ በማንኛቸውም ደረሰኝ ላይ የለም።