ደናግል በማዋለጃ ክፍል
የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሴቶች ሥራ የነበራት አቋምና የ1936ቱ መመሪያ

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ስለ ሴት ልጅ ቦታና ሥራ የተነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በሁለት ጉዳዮች ዙሪያ ነው። አንደኛው የክህነት ጥያቄ፣ ሁለተኛው የወሊድ መቈጣጠሪያ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ዐበይት ጉዳዮች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ለሕክምና ባለሙያ ከሁለቱ ይልቅ የሚቀርብና እምብዛም ያልተነገረለት ሦስተኛ ጉዳይ አለ። ይኸውም ደናግል መነኮሳይት ሐኪምና አዋላጅ ሆነው እንዳይሠሩ ለረጅም ዘመን የነበረው ክልከላና ክልከላው በ1936 የተነሣበት መንገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የክልከላው ሥር የሚገኘው በመካከለኛው ዘመን ነው። በ1139 የተሰበሰበው ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ መነኮሳት ለገንዘብ ጥቅም ሲሉ ሕክምናን እንዳያጠኑ ከለከለ። በ1215 የተደረገው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ደግሞ ካህናት በእሳት መተኰስና በስለት መቅደድ ያለበትን ቀዶ ሕክምና እንዳይሠሩ ወሰነ። የድንጋጌዎቹ ዓላማ ሕክምናን መንቀፍ ሳይሆን ለጸሎት የተለየ ሰው በገንዘብ ፍቅር እንዳይጠመድ፣ መሠዊያ የሚያገለግል እጅም ደም እንዳይነካ መጠበቅ ነበር። በ1917 የወጣው የቀኖና ሕግ ይህንኑ በማጽናት ያለ ቅድስት መንበር ልዩ ፈቃድ በሕክምናና በቀዶ ሕክምና መሠማራትን ከለከለ፤ ሕጉም ከካህናት አልፎ በማኅበር ለሚኖሩ ወንዶችና ሴቶች ሁሉ እንዲጸና ተደረገ።

በሴቶቹ በኩል ግን ሌላም ምክንያት ነበረ። ደናግል ከ1633 ጀምሮ፣ ማለትም ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልና ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ የፍቅር ሥራ ልጆችን ማኅበር በፓሪስ ካቋቋሙ ወዲህ፣ ከገዳም ቅጥር ወጥተው ድውያንን በየቤቱና በየሆስፒታሉ ማስታመም የተለመደ ተግባራቸው ሆኖ ነበር። ቁስል ማጠብ፣ በወረርሽኝ ዘመን ከሕሙማን ጋር መዋል፣ በጦር ሜዳ ቁስለኛ ማንሣት አልተከለከሉም። የተከለከሉት በወሊድ ሰዓት መገኘትን ነው። በ1901 ከሮም የወጣው ደንብ ወላዶችንና አራስ ሕፃናትን መርዳት ለድንግልና ብፅዓት የማይስማማ ሥራ አድርጎ ቈጠረው። በዚህም ምክንያት የሚሞትን ሰው ዓይን የምትከድን መነኩሲት የሚወለደውን ሕፃን መቀበል አትችልም ነበር።

ይህ ደንብ የቆመው ስለ ሴት ልጅ በነበረው ጠቅላላ ትምህርት ላይ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ባወጡት መልእክት፣ ሴት በተፈጥሮዋ ለቤት ሥራና ለልጆች አስተዳደግ የተገባች ስለሆነች በከባድ ሥራ ላይ መዋል እንደሌለባት አስተማሩ። ፒዮስ 11ኛም በታኅሣሥ 1930 መጨረሻ ስለ ክርስቲያናዊ ጋብቻ ባወጡት መልእክት በዘመኑ የተስፋፋውን የሴቶች ነጻነት ንቅናቄ በሦስት ወገን ማለትም በአካላዊ፣ በኢኮኖሚያዊና በማኅበራዊ ረገድ ከፍለው ነቀፉት። ባልን በራስ፣ ሚስትን በልብ መስለው፣ ልብ ከራስ ቢለይ መላው አካል ለጥፋት እንደሚጋለጥ አስጠነቀቁ። ይሁንና የሚስት መታዘዝ ሰብአዊ ክብሯንና ነጻነቷን የሚሽር እንዳልሆነ በዚያው መልእክት አስገንዝበዋል።

ክልከላውን ለማስነሣት የመጀመሪያውን ጥረት ያደረጉት ሴት የመጡት ግን ከዚያው ከተነቀፈው ንቅናቄ ውስጥ ነበር። አግነስ ማክላረን በ1837 በኤዲንብራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ደንከን ማክላረን የከተማዋ ከንቲባና የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበሩ ሲሆኑ፣ እንጀራ እናታቸው ፕሪሲላ ብራይት ማክላረን በስኮትላንድ ለሴቶች የምርጫ መብት የሚደረገውን ትግል በግንባር ቀደምትነት ከመሩት አንዷ ነበሩ። አግነስም በዚሁ ማኅበር ጸሐፊነት አገልግለዋል። በዚያን ጊዜ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች የሕክምና ዲግሪ መስጠትን እምቢ በማለቱ፣ ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግረው በሞንፔልዬ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1878 ተመረቁ። ወደ ካቶሊክ እምነት የገቡት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1898 ሲሆን ዕድሜያቸውም ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ዶክተር ማክላረን በመጨረሻ ዘመናቸው ልባቸው የተነካው በያኔዋ የእንግሊዝ ህንድ ሴቶች ሁኔታ ነው። በዛሬዋ ፓኪስታን በምትገኘው በራዋልፒንዲና በአካባቢዋ ብዙ ሴቶች በፑርዳ ሥርዓት ከወንድ ዓይን ተከልለው ይኖሩ ስለ ነበር ወንድ ሐኪም ሊያያቸው አይፈቀድም ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ሴት ሐኪም ካልተገኘላት ሳትታከም ትሞታለች። በዚያም ለሴቶችና ለሕፃናት የቅድስት ካትሪን ሆስፒታል በማክላረን ጥረት ተቋቋመ። ሆኖም ሐኪም የሆነች መነኩሲት ማግኘት አልተቻለም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ዓለማዊት ሐኪም ብትገኝ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ሠርታ ስትመለስ ሥራው ይቋረጣል። ስለዚህ አረጋዊቷ ሐኪም ክልከላው እንዲነሣ ለማመልከት ደጋግመው ወደ ሮም ተጓዙ። ምላሽ ሳያገኙ በ1913 ዐረፉ።

ሥራውን የተረከቡት በአካል አግኝተዋቸው የማያውቁት ወጣት ናቸው። በ1892 በኦስትሪያ በቲሮል ተራሮች ውስጥ የተወለዱት አና ዴንግል ስለ ዶክተር ማክላረን ሰምተው ደብዳቤ ተጻጻፉ። ማክላረን በህንድ ለመሥራት በእንግሊዝ መንግሥት የሚታወቅ ዲግሪ እንደሚያስፈልግ ገልጸው ወደ አየርላንድ እንዲሄዱ መከሯቸው። ዴንግል በኮርክ ከተማ ተምረው በ1919 በሕክምና ተመረቁ፤ በሚከተለው ዓመትም ወደ ራዋልፒንዲ ሄዱ። እዚያ እስከ 1924 ሲሠሩ የተረዱት፣ አንድ ሐኪም የቱንም ያህል ቢደክም ሥራውን ሊዘልቀው እንደማይችልና ሕይወቱን ሙሉ በሙሉ ለዚህ አገልግሎት የሰጠ ማኅበር እንደሚያስፈልግ ነበር። በመስከረም 1925 በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ከአንዲት ሐኪምና ከሁለት ነርሶች ጋር ሆነው የሜዲካል ሚሽን ሲስተሮች ማኅበርን መሠረቱ። የመነኮሳይትን ሕይወት ይኖሩ ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ እንዳያግዳቸው ብፅዓታቸውን በይፋ አልፈጸሙም። እንዲህ ሆነው ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ጠበቁ።

በየካቲት 11 ቀን 1936 በሮም የወንጌል ስርጭት ጉዳይ የሚመለከተው ጉባኤ በሚስዮን አገሮች ለእናቶችና ለሕፃናት ስለሚደረግ እንክብካቤ አንድ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ደናግል በወሊድ ጊዜ እንዲረዱ መፍቀድ ብቻ ሳይሆን፣ ለዚሁ ሥራ የቆሙ አዳዲስ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አሳሰበ፤ እኅቶችም በሕክምናና በነርስነት የታወቀ ዲፕሎማ እንዲይዙ አዘዘ። በአገሩ ጳጳስ ፈቃድ እንዲሠሩና መንፈሳዊ ሕይወታቸው እንዲጠበቅ የሚያደርግ ጥንቃቄም አልዘነጋም። በሚከተለው ዓመት እማሆይ ሜሪ ማርቲን በናይጄሪያ የማርያም የሕክምና ሚስዮናውያት ማኅበርን አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ1930 የሴቶችን ነጻነት ንቅናቄ የነቀፈው መልእክትና በ1936 ለደናግል የሕክምናን በር የከፈተው መመሪያ የወጡት በአንድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘመን ነው። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን መመሪያው የተመሠረተው በመብት ክርክር ላይ አልነበረም። መነሻው ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ አስበልጣ የምታከብረው እናትነት ነው። እናትነት የከበረ ከሆነ እናት በወሊድ እንዳትሞት መጠበቅ ግዴታ ይሆናል፤ ጠባቂዋ ወንድ ሊሆን ካልተቻለ የተማረች ሴት ልትሆን የግድ ነው። ሴትን በቤት እንድትወሰን ያደረገው ያው ትምህርት ሌላይቱን ሴት ከቤትም ከልማዳዊ ገዳምም አውጥቶ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አስጨበጣት። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ማክላረን ዲግሪ ይዘው ሮም ሊደርሱ የቻሉት የመብት ትግሉ የዩኒቨርሲቲ በር ስላስከፈተ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ይህን ውጤት ባላስገኘም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኒቱ አነጋገር ደረጃ በደረጃ ተለወጠ። ፒዮስ 12ኛ በጥቅምት 1945 ለኢጣልያ ሴቶች ባደረጉት ንግግር በሕዝባዊና በፖለቲካዊ ኑሮ መሳተፍን እንደ ግዴታ አቀረቡላቸው። በ1951 ለኢጣልያ አዋላጆች ሲናገሩ ደግሞ ሙያውን እንደ ጥሪ አክብረው፣ የፅንሱን ሕይወት በቀጥታ ማጥፋት እንደማይፈቀድ አጥብቀው አስተማሩ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 በጾታ ምክንያት የሚደረግን አድልዎ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር የሚቃረን ነው ሲል አወገዘ። የክህነት በር ግን በ1976 በወጣው መግለጫና በ1994 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ባወጡት መልእክት እንደ ተዘጋ ጸንቶአል። ብዙ ካቶሊካውያን ሴቶች ይህን እንደ ቀረ በደል ሲያዩት፣ ሌሎች ደግሞ እንደ ተጠበቀ ሥርዓት ያዩታል።

የ1936ቱ ውሳኔ ፍሬ ወደ አገራችንም ደርሷል። በጉራጌ ምድር በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1969 ሲመሠረት ሥራውን የያዙት እማሆይ ዴንግል ያቋቋሙት ማኅበር እኅቶች ናቸው። በ1970ዎቹም በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተከፈተ። አስቸጋሪ ወሊድ የሚያሰጋት ነፍሰ ጡር ምጧ ከመድረሱ በፊት መጥታ እዚያው ትሰነብታለች። ከ1987 እስከ 2008 ያለውን የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ መርምሮ በ2010 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በማቆያው አልፈው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ያህል ነበሩ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም በፊተኞቹ ከ1,000 ወሊድ 18 ያህል፣ በኋለኞቹ 191 ያህል ነበሩ። በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ መሆናቸው ለልዩነቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ማቆያው የተሠራውም ይህንኑ መዘግየት ለማስቀረት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ሰው የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ክልከላው የወጣው እናቶችን ለመጉዳት ታስቦ አልነበረም፤ ክብርን ለመጠበቅ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ዋጋውን የከፈሉት ደንቡ ሲጻፍ ያልተጠየቁት ወላዶች ናቸው። ዶክተር ማክላረን ለመጨረሻ ጊዜ ካመለከቱበት ጊዜ አንሥቶ መመሪያው እስከ ወጣበት ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ዘመን ሁሉ ሐኪም ያጣችው ወላድ በምጥ ላይ ነበረች። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ ማን ምን ይሥራ የሚል ደንብ ሲወጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በአልጋ ላይ ያለችው ሴት ምን ትሆናለች የሚለው ነው።