ያልተመዘገበ ዘፈን

ባልባላ ያደገችው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1966 በጅቡቲ ከተማ ዙሪያ ካጠሩት ሽቦ ውጭ ነው። ዛሬ የሰፈራችን ሰርግ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአረብኛ ዘፈን ይደምቃል። ግን ከድሮው የትኛው ተረፈ?

የተመዘገበው ነው። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመዝገብ ቤቱ ከ5,000 በላይ የቴፕ ክርና ካሴት አኑሯል። የገዢው ፓርቲ ባንድ የነበረው «4 ማርስ» የቆዩ ዘፈኖች በ2021 በአልበም የወጡት ከዚያ ነው። በአዲስ አበባም አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በሸክላ ያወጣቸው ሥራዎች ከዓመታት በኋላ በ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች እንደገና ተሰሙ፤ ቅጂያቸው አልጠፋምና።

እኛ ነጋዴዎች እናውቀዋለን፦ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቢኖርም እንደሌለ ነው። ካሴት በፍላሽ ሲተካ ብዙ ዘፈን «ትራክ 01» ተብሎ ስሙን አጣ። ስለዚህ ዲጄ ልጆቻችን ሆይ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ዘፋኙን፣ ርዕሱን፣ ቋንቋውንና ዓመቱን ጻፉ። በሬኮርድቦክስም ሆነ በሴራቶ የምታዘጋጁት ዝርዝር ፋይሉ ያለበትን ቦታ ያመለክታል እንጂ ዘፈኑን አይቀዳም፤ ፋይሉ ከጠፋ ዝርዝሩ አይዘፍንም። አንድ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው ዘመድ ዘንድ። ከእናቶቻችን ካሴት የተቀዳው ዘፈን ሌላ ገበያ ላይ አይገኝም።